አያ መርሻ ያልቀመሱት ወይን

ሰኞ፣ ነሐሴ 7፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም ሰገራ፣ ሽንት፣ አክታ። የማይክሮስኮፑ መብራት እንደ አመሉ ይርገበገባል። ዐይኔ ደክሟል። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከደጋ የወረዱ ሰዎች ሳር ላይ ተኝተዋል፤ አዝመራው ሁለት ዓመት ከድቷቸዋል። የሚያመጡልኝ ሰገራ እንኳ የላቸውም።

ፍልሰታ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምንም አልቀምስም። ለማንም አልናገርም፤ ሲጠይቁኝ ጨጓራዬን ነው እላለሁ። ላቦራቶሪው ውስጥ ሌሎች ሁለት የጨጓራ በሽተኞች አሉ። ሦስታችንም ነሐሴ 16 ላይ እንድናለን።

አንተ መዝገብ፣ ፊትህ የሰገራ ምርመራ ነው፣ ጀርባህ እኔ ነኝ። ፈታሽ ቢመጣ ሁለት ገጽ አንብቦ ይወረውርሃል። እስካሁን ያቆየህም ይኸው ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ደብዳቤ መጣ። የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢው ጓድ ስንታየሁ ይፈልገኛል። አሥረኛው የአብዮት በዓል ሊከበር አንድ ወር እንኳ አልቀረውም፤ ለእንግዶች ግብዣ ወይን ይቀርባል። በጭልጋ መንገድ ካለው የመንግሥት እርሻ። ከመወረሱ ወዲህ ወይን ሲጠመቅበት የመጀመሪያው ነው። ሦስት ሰው ሄዶ ቀምሶ ያጸድቃል፦ እሱ፣ የእርሻው ኃላፊ፣ አንድ «የሳይንስ ባለሙያ»። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ትል ቆጣሪዋ።

እምቢ የሚል አፍ የለኝም። የቡልጋርያ ሥልጠና ማመልከቻዬ ከሚያዝያ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ነው። የእሱ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

ለአባዬ ነገርኩት። ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ፒያሳ፣ ሲኞሩ በሚሉት ጣሊያን ቡና ቤት ሠላሳ ዓመት አስተናጋጅ ነበር። የወይን እርሻውንም የተከለው ያው ጣሊያን ነው፤ መሬት ሲወረስ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ልጅ ሆኜ የጠርሙስ ቂጥ እያንጠፈጠፍኩ እቀምስ ነበር። አባዬ ያኔ የሚላት ነገር አለች፦ ወይን አፍ ካልጨበጠ የስኳር ውሃ ነው። ወይኑን ለሲኞሩ ይሠሩለት የነበሩት አያ መርሻ የሚባሉ ሰው ናቸው አለኝ። ካሉ ሰላም በይልኝ አለ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 9፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

ጭቃ። ከአዘዞ እንዳለፍን ላንድሮቨሩ ሁለት ጊዜ ተቀበረ። ጓድ ስ. አይወርድም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር ስለማዋል ያስረዳናል። የእርሻው ኃላፊ አድማሱና እኔ እንገፋለን። ጫማዬ አንዱ እዚያው ቀረ ማለት ይቻላል፤ ቆፍሬ ነው ያወጣሁት።

እርሻው ተዳፋት ላይ ነው። ግማሹ ተነቅሎ በቆሎ ተዘርቶበታል። የቀረው ሐረግ ግን ተገርዟል፣ ተደግፏል፣ ሥሩ ተኮትኩቷል። ሰው እንዳለው ያስታውቃል። የድንጋይ ቤት፣ በሩ ላይ የሲኞሩ ስም ተፍቆ «ምርት ለሰፊው ሕዝብ»። ውስጡ ቀዝቃዛ፣ ሦስት በርሜል በተርታ።

አያ መርሻ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሰባ ያለፉ ሰው ናቸው። ጣቶቻቸው እስከ ጥፍራቸው ሥር በወይን ጠቁረዋል። የአባዬን ሰላምታ በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ አሉ እንዴ ብለው ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ስለ ወይኑ ማስረዳት። እንዴት እንደለቀሙት፣ እንዴት እንደረገጡት፣ በርሜሉን በሰም እንዴት እንዳሸጉት። ገና ልጅ ነው አሉ። ዓመት ቢተኛ ሸጋ ይሆን ነበር፤ በዓሉ ግን አይጠብቅም። አሥር ዓመት እጃቸው ያለ ሥራ የከረመ ሰው እንዲህ ሲናገር ያምራል።

ከዚያ ቀዱ።

በእኛ አገር ቀጂ ቀማሽ ነው። ጠላ ይሁን ጠጅ፣ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀድሞ ይቀምሳል፤ ለእንግዳ ከዚያ በኋላ። እንከን የለውም ማለት ነው። አያ መርሻ አልቀመሱም። ብርጭቆዎቹን በሁለት እጃቸው ይዘው ዘረጉልን። ጓድ ስ. አልተቀበለም። አንተስ አለ።

«እናንተ ቅመሱ ጌታዬ። እኔ አሁን አልቀምስም።»

ለምን? ዝም። ለምን አትቀምስም? ዝም።

ሰዓቴን አየሁ፤ ረፋድ አራት ሰዓት። ከንፈራቸው እንደ እኔ ደርቋል። ጾመኛ ናቸው። አድማሱም ያውቃል፤ በሥራ ሰዓት ጾም የለም ተብሎ በስብሰባ ያስወሰነው እሱ ነው። በዐቢይ ጾም አንድ የትራክተር ሾፌር ሠራተኛው ሁሉ ፊት ወተት እንዲጠጣ ተደርጓል፤ መንገድ ላይ እየሳቀ ያጫወተን ራሱ አድማሱ ነበር። ታዲያ ሽማግሌው ምን ይበሉ? አድማሱ መሬት መሬት ያያል። አያ መርሻ ወደ እኔ አዩ። ላንድሮቨሩን ስገፋ ሸሚዜ ተከፍቶ ነበር መሰለኝ፣ ማተቤ ላይ ዐይናቸው አረፈ። ቁልፌን ቆለፍኩ።

ቁልፌን ቆለፍኩ። ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው።

ጓድ ስ. ተጎነጨ። ፊቱ ተጨማደደ፤ መሬት ላይ ተፋው። ጠጅ ቤት ያደገ ምላስ። አቼቶ ነው አለ። ሠሪው ለምን እንዳልቀመሰው አሁን ገባኝ አለ። ከዚያ ባለሙያዋ ትቅመስ ተባለ።

ጠጣሁ። በፍልሰታ፣ በአራት ሰዓት። መጀመሪያ አፍ ይጨብጣል፤ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ከኋላ ፍሬው ይመጣል። ፒያሳ ላይ ከጠርሙስ ቂጥ የማውቀው ያው ነው። ደህና ወይን። ይጎመዝዛል አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይጎመዝዛል አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ይጎመዝዛል።

ለምርመራ ሁለት ጠርሙስ ያዝን። አፋቸውን አያ መርሻ በሰም አሸጉ፣ በገለባ ጠቀለሉ፣ መኪናው ድረስ ተሸክመው አመጡ። እንዳይናወጥ ልጄ አሉኝ።

ጾሜን በወይን ፈትቼ በሽሮ መለስኩት። አስቂኝ ነኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 10፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ምርመራ። ወይን የሚመረመርበት መሣሪያ የለኝም፤ የሽንት ነው ያለኝ። አሲድ ሲነካው የሚቀላውን ሰማያዊ ወረቀት ነከርኩ፣ ቀላ። ምን ይሁን? ሎሚም ያቀላዋል። የጓድ ስ. ሽንትም ያቀላዋል። ጠብታውን በማይክሮስኮፕ አየሁ፦ የሚያበላሽ ነገር የለበትም። ንጹሕ።

ቅጹ ላይ «ውጤት» የሚል መስመር አለ። አሲድ ተገኝቷል ብዬ ጻፍኩ። «አስተያየት» የሚልም አለ። እሱ ላይ ብዕሬን ይዤ ቆየሁ። ወይን ሁሉ አሲድ ነው፣ ይህ ጤናማ ነው ማለት ብቻ ነበር። አንድ መስመር። የጓድ ስ. ጸሐፊ ሁለት ጊዜ ደወለ። ባዶ ተውኩት።

እውነት ጽፌ ዋሸሁ። እንዲህም እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ከአሁኑ ሸቷል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 12፤ ከሰዓት በኋላ

ቃለ ጉባኤ ተፈረመ። «ወይኑ በአሲድ የተበላሸ መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል። ሠሪው ራሱ ለመቅመስ አለመድፈሩ ጥፋቱን ሆን ብሎ መፈጸሙን ያስረዳል።» ቀድሞ አድማሱ ፈረመ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀጥሎ እኔ፤ የእኔ አልተንቀጠቀጠም። ይህን እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ አልናገረውም።

ጓድ ስ. ወረቀቱን አጠፈ። ከዚያ የቡልጋርያ ማመልከቻዬን ከግራ ክምር አንስቶ በቀኙ ላይ አኖረው። እንዲህ ነው የምንግባባው።

አያ መርሻን ለካ ትናንትና ወስደዋቸዋል። ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም። አዘዞ መውጫ ላይ አንድ መጋዘን ውስጥ ናቸው አሉ።

አፍሬአለሁ። ሳሙናም አልረዳኝ፤ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 17፤ ከምሳ በኋላ

ጾሙ ትናንት አበቃ፤ ረቡዕ ስለዋለ ሥጋውን ዛሬ ፈሰክን። ዶሮ የለም፤ ግማሽ ኪሎ ሥጋ በሰልፍ። አባዬ ደስ ብሎታል። በደስታው ውስጥ ገብቼ ልደበቅ ፈለግሁ መሰለኝ፣ ሁለቱንም ጠርሙስ ከላቦራቶሪ ቤት አምጥቼ ነበር፤ የተከፈተውን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁለት።

ወዲያው ሌላ ሰው ሆነ። ቀጥ አለ። ጠርሙሱን በጨርቅ ያዘ፣ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰ፣ ዐይኑን ጨፈነ። ቡሹ ከተነሳ ሳምንት ሆኖታል አለ፤ ግን አልሞተም። ሲኞሩ ይህን ቢቀምስ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር አለ። ለኔም ቀዳልኝ። መርሻ እጁን አልረሳም፣ ምን ሸለሙት ብሎ ጠየቀኝ።

ነገርኩት። ሁሉንም። ጾሙን፣ ቁልፉን፣ ቅጹን፣ ፊርማውን።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «በጾም አንቺ ጠጣሽ፤ እሱ አልቀመሰም። የታሰረው እሱ ነው» አለ። ተነስቶ ደጅ ወጣ። ሥጋው እንደቀረበ ቀዘቀዘ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 22፤ 8 ሰዓት

አባዬ ከኔ ጋር አይነጋገርም። ምግቡን ሳቀርብለት ይባርካል፣ ይበላል፣ ፊቱን ያዞራል። በሰባ አራት ዓመቱ እንዲህ የሚያኮርፍ ሰው አይቼ አላውቅም።

ዛሬ በላቦራቶሪው መስኮት አንዲት ባልቴት። የአያ መርሻ ባለቤት ናቸው፤ እትዬ ጥሩወርቅ። ዳቦ በመሶብ ጨርቅ ቋጥረዋል፤ የመጋዘኑ ጠባቂ አላስገባ ብሏቸው ይዘውት ዞረዋል። ሰው «የመረመረችው ሴት ሆስፒታል ናት» አላቸው። እኔን ዶክተር አድርገውኛል። ጎንበስ ሲሉ መስኮቱን ልዘጋው ምንም አልቀረኝ።

«ምነው እመቤቴ፣ መርምረሽው የለም ወይ? ሸጋ ነው ብለሽ ንገሪያቸው። አንቺን ይሰሙሻል።»

እኔ እንደሆንኩ አያውቁም። የፈረምኩት። ከበዓሉ በኋላ ወደ ትልቁ ወህኒ ይዛወራል ተብያለሁ አሉ፤ የኢኮኖሚ አሻጥር። ከዚያ የሚመለስ ሰው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ዳቦውን ለእኔ ሊሰጡኝ ነበር። ለደከምሽበት አሉ። አልቀበልም አልኩ፤ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ትተውት ሄዱ። ግቢው ሳር ላይ ለተኙት አከፋፈልኩት። እኔ አልቀመስኩም። መቅመስ የሚገባኝ ቦታና የማይገባኝ ቦታ ሁልጊዜ ይቀያየርብኛል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 30፤ 11 ሰዓት

ጓድ ስ. አስጠራኝ። ፊቱ ፈክቷል። ቅመሽ አለኝ፤ ብርጭቆ አቀረበ።

ጣፋጭ። ከንፈር የሚያጣብቅ። የሳል ሽሮፕ። አድማሱ ነው፤ ለቀበሌ ሱቅ የመጣውን ስኳር በርሜሉ ውስጥ አራግፎ። ያው ወይን ነው። በአሲድ የተበላሸው፣ በሳይንስ የተረጋገጠው። ለበዓሉ ሊቀርብ ነው። አሁን ወይን ሆነ አለኝ።

ተናገርኩ። እንግዲያው አልተበላሸም ነበር ማለት ነው፣ ሽማግሌው ይፈቱ አልኩ። ይህን ያህል ቃል በእሱ ፊት ተናግሬ አላውቅም።

አልተቆጣም። መሳቢያውን ከፍቶ ቃለ ጉባኤውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አጠገቡ ደግሞ የቡልጋርያውን ደብዳቤ፤ ማኅተሙ ገና እርጥብ። መስከረም 20 እበራለሁ።

«ወይኑን ያዳነው አድማሱ ነው። ያበላሸው ሰውዬው ነው። ይህን የሚለው ያንቺ ወረቀት ነው። ልትቀይሪው ነው?»

ሁለቱንም ወረቀት አየሁ። ከዚያ የቡልጋርያውን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

አመሰግናለሁ አልኩት፣ መዝገቤ። ቡልጋርያም የወይን አገር ነው ይላሉ። እዚያ ሲቀዱልኝ ምን እላለሁ? ጨጓራዬን ነው?

ሐሙስ፣ ጳጉሜ 1፤ ከሰዓት

ሥራ አልገባሁም። አመመኝ አልኩ፤ ለአንድ ጊዜ እውነት ነው። ፒያሳን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ባንዲራ እየተሰቀለ ነው፣ የመብራት ምሰሶው ሁሉ ቀይ ተቀብቷል። ሲኞሩ ቡና ቤት የነበረው አሁን የማኅበር ሱቅ ነው፤ ሳሙናና ክብሪት፣ ሳሙናው የለም። አባዬ ቆሞ ይቀዳበት የነበረው ጥግ ላይ የዕቃ ሣጥን ተደርድሯል። ሰው መስታወቱ ላይ ፊቱን አስደግፎ እንደዚያ ሲቆም ያስቃል። ቆምኩ።

ስለ ቡልጋርያ አሰብኩ። ዘጠኝ ወር። ደህና ማይክሮስኮፕ፣ መብራቱ የማይርገበገብ። እፈልገዋለሁ፤ ልዋሽህ አልፈልግም፣ አሁንም እፈልገዋለሁ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ይባል የለ? እኔ ገደሉንም አይቼው ነበር። እያየሁ ነው የጋጥኩት።

ከዚያ ቤት መጥቼ ጻፍኩ። ላንተ ሳይሆን ለክፍለ ሀገሩ ጽ/ቤት። ወይኑ ጤናማ ነው፤ አሲድ የወይን ጠባዩ ነው፤ ይህን እያወቅሁ አስተያየቱን ባዶ ተውኩ። ሽማግሌው ያልቀመሱት ፍልሰታን ስለጾሙ ነው፤ እኔም ጾመኛ ነበርኩና አውቄአለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ያለው ፊርማዬ የሐሰት ነው። ስሜ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት፤ አንዱ ለጽ/ቤቱ፣ አንዱ ለሆስፒታሉ፣ አንዱ ለጓድ ስ. ራሱ። እጄ አሁን ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ የት ነበርክ አልኩት።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ ሲከፈት እሰጣለሁ። የቡልጋርያውን ደብዳቤም አብሬ እመልሳለሁ፤ ሳይወስዱብኝ። ወስነናል። ማለቴ፣ ወስኛለሁ።

ዓርብ፣ ጳጉሜ 2፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ዝናብ። ደብዳቤዎቹ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። አልተኛሁም፤ ግን ሆዴ ቀሎኛል። ፈርቻለሁም። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ ለካ።

ትናንት ማታ ደብዳቤውን ለአባዬ አንብቤለት ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። ይበቃኛል፣ ሰማ አልኩ።

አሁን ከጓዳ ወጣ። የአስተናጋጅነት ነጭ ኮቱን ለብሷል። ክርኑ አልቋል፣ አንድ ቁልፍ የለውም፣ ግን ተተኩሷል፤ መቼ እንደተኮሰው እንጃ። ሁለተኛውን ጠርሙስ አምጪ አለኝ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ። ያልተከፈተውን፣ የአያ መርሻ ሰም ያለበትን። ምን ሊያደርግልህ አልኩት።

«ወረቀት በወረቀት አይሽሩልሽም። እፊታቸው ከፍቼ፣ በመዳፌ ቀድቼ እቀምሳለሁ። ከዚያ ይጠጡ።»

ዓርብ ነው አባዬ፣ ጾም ነው አልኩት። ሃምሳ ዓመት ዓርብን ሳይሽር የጾመ ሰው ነው።

«አውቃለሁ። መርሻ ጾሞልኛል።»

ጠርሙሱን በገለባው እንዳለ ኮቱ ውስጥ አቀፈው። እንዳይናወጥ ቀስ ብለሽ ሂጂ ይለኛል። ጃንጥላው አንድ ነው፤ እኔ እይዛለሁ። አንተን አልጋው ላይ ትቼህ እሄዳለሁ፣ በጀርባህ በኩል ተከፍተህ። የመጣ ያንብብህ። እየጠራኝ ነው፤ በሩን